ላይብረሪ ላሰራላችሁ ላሉ ባለሀብት ምን ብለን እንመልስ? (ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ)

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዛሬ ነው ያየሁት፣ ነገሩ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ረዘም አርጌ ነው የምመልስልህ። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልድገመው፤ ጠያቂያችን ኮምቦልቻ የሚኖር አስተማሪ ነው፣ የሰፈሩ ተወላጅ የሆኑ አንድ ባለሀብት በአባታቸው ስም የህዝብ ላይብረሪ ላሰራ ብለው ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ኮሚቴው ግን ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ "ስጦታ አይጠየቅም፣ ዝም ብለን አመስግነን እንቀበል" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "ሰውየው ስማቸውን ለማስጠራት ነው" ብሎ ያጉረመርማል። እሱ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ያሉት ላይብረሪዎች በሀብታም ገንዘብ ነው የተሰሩት ሲባል ሰምቶ፣ እውነት ከሆነ እንዴት ይሄን ያህል ዘመን ቆዩ፣ እኛስ ምን እንጠይቅ ነው የሚለው። እኔ እዚሁ ደሴ መጽሐፍ ስደረድርና ሳውስ የኖርኩ የላይብረሪ ባለሙያ ነኝ፣ ስለዚህ ጥያቄው በቀጥታ የሙያዬ ነው።

መልሱን ቀድሜ ልንገርህ። አዎ እውነት ነው፣ እዛ ያሉ የህዝብ ላይብረሪዎች በጣም ብዙዎቹ በሀብታም ስጦታ ነው የተሰሩት። ያቆያቸው ግን ስጦታው አይደለም፣ ከተማው ስጦታውን ሲቀበል "እኔ ደግሞ በየዓመቱ ይሄን ያህል እመድባለሁ" ብሎ መፈረሙ ነው። ለኮሚቴው የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ስጠኝ ብትለኝ ይቺን ነው የምሰጥህ፤ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የዓመት በጀቱ በወረቀት ይታሰር።

አሁን ወደ ታሪኩ። (የውጪዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ስለ ላይብረሪ ስጦታ ሲወራ ማንም የማይዘለው ሰው አንድሪው ካርኔጊ ነው። በ1835 ስኮትላንድ ውስጥ ደንፈርምሊን የምትባል የሸማኔዎች ከተማ ተወለደ፣ አባቱ የእጅ ሸማኔ ነበር፣ የእንፋሎት ማሽን መጥቶ የእጅ ስራውን ገበያ ሲያሳጣው ቤተሰቡ ተቸግሮ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁ በ13 ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ገባ፣ ስራው ክር የሚጠነጠንበትን ቀሰም እየለዋወጠ ማሽኑን ማገልገል ነበር፣ ደሞዙ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም። አንተ ኮምቦልቻ ነህና ይሄ ላንተ ሩቅ ታሪክ አይሆንብህም፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ስንቱ ልጅ ነው ከሽፍት ወጥቶ ማታ ትምህርት የሚሮጠው።

ከዛ ቴሌግራም አመላላሽ ሆነ። እዛ ሰፈር ታዲያ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ወደ 400 የሚጠጋ የግል መጽሐፋቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰራተኛ ልጆች ይከፍቱ ነበር፣ አንዱን ወስደህ በሳምንቱ መልሰህ ሌላ ትወስዳለህ፣ ክፍያ የለም። በኋላ ላይ ላይብረሪው ሲሰፋ ሙያ እየተማረ ያለ ተለማማጅ ካልሆነ በቀር ሌላው ልጅ በዓመት 2 ዶላር ይክፈል የሚል ደንብ ወጣ፣ ካርኔጊ ተለማማጅ አልነበረም፣ 2 ዶላር ደግሞ ለሱ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፣ ዝም አላለም፣ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጽፎ ተከራከረና ደንቡ ተነሳለት። የአባቱም ነገር አለ፣ ገና ደንፈርምሊን እያሉ አባቱና ጥቂት ሸማኔ ጓደኞቹ ያላቸውን መጽሐፍ አዋጥተው ለከተማው ሰው ያውሱ ነበር። እንግዲህ በኋላ የመጣው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ነገሮች ነው የተወለደው፣ ደሃ ሸማኔዎች ካዋጡት መጽሐፍና አንድ ሰው ከከፈቱት በር።

ካርኔጊ በብረት ከበረ፣ በ1901 ኩባንያውን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፣ በዛን ጊዜ ከዓለም ሀብታሞች አንዱ ነበር። ሀብታም ሰው ገንዘቡን በቁሙ ለህዝብ ጥቅም ማዋል አለበት ብሎ ያምን ነበር፣ ጽፎታልም። የመጀመሪያውን ላይብረሪ ለትውልድ ከተማው ሰጠ፣ የመሠረት ድንጋዩን እናቱ ናቸው በ1881 ያስቀመጡት፣ በ1883 ተከፈተ። ከዛ በኋላ በሱና በመሰረተው ድርጅት ገንዘብ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ላይብረሪ ተሰራ፣ ከ1,600 በላዩ አሜሪካ ውስጥ፣ 660ው እንግሊዝና አየርላንድ አካባቢ፣ በጠቅላላ ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ኮሚቴያችሁ ማየት ያለበት ነገር ያለው። አሰጣጡ እንዴት ነበር ካልከኝ፣ ከተማው ደብዳቤ ይጽፋል፣ የካርኔጊ ጸሐፊ ጄምስ በርትራም የሚባል ጥብቅ ሰው ነበር፣ እሱ መልሶ መጠይቅ ይልካል፣ ህዝባችሁ ስንት ነው፣ አሁን ላይብረሪ አላችሁ ወይ፣ ቦታ አዘጋጅታችኋል ወይ፣ ለላይብረሪው በዓመት ስንት ትመድባላችሁ። ግዴታው ሁለት ነው፤ ቦታውን ከተማው ያቀርባል፣ እና ከስጦታው 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከራሱ ግብር በየዓመቱ ይመድባል፣ ይሄንንም ምክር ቤቱ ወስኖ ቃሉን በጽሑፍ ይሰጣል። 10,000 ዶላር የተሰጠው ከተማ በዓመት 1,000 ዶላር ይመድባል ማለት ነው፣ ለሰራተኛ ደሞዝ፣ ለመጽሐፍ፣ ለማሞቂያ፣ ለመብራት። ካርኔጊ መጽሐፍ አይገዛም፣ ሰራተኛም አይቀጥርም፣ ግድግዳውንና ጣራውን ነው የሚሰጠው። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ "ምን ዓይነት ስጦታ ነው ይሄ" ይላል፣ እኔ ግን ሰውየው ከሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ግዴታ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከተማው ግብሩን እያወጣበት በቆየ ቁጥር ላይብረሪው የከተማው እየሆነ ይሄዳል፣ የሰጪው እየሆነ አይሄድም።

ግዴታው ያልነበረበትን ብታይ ይበልጥ ይገባሃል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የካርኔጊ ላይብረሪ ብራዶክ የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ላይ በ1889 የተከፈተው ነው፣ ፋብሪካው የሱ፣ ሰራተኛው የሱ፣ ላይብረሪው ውስጥ መዋኛ ሁሉ ነበረው፣ የሚተዳደረው ግን በከተማ ግብር ሳይሆን ከሱ በኩል በሚመጣ ገንዘብ ነበር። ያ ምንጭ ሲደርቅና የብረት ስራው ሲቀዘቅዝ ከተማውም ተዳከመ፣ ላይብረሪው በ1974 ተዘጋ፣ ሊፈርስም ነበር፣ ያዳኑት የከተማው ሰዎች ናቸው። ግዴታውን ፈርመው ያላከበሩ ከተሞችም ነበሩ፣ ይሄንንም ልደብቅህ አልፈልግም። ድርጅቱ አልቪን ጆንሰን የሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ ልኮ ወደ መቶ የሚጠጉ ከተሞች ላይ ያሉትን ላይብረሪዎች አስጠና፣ ሪፖርቱ በ1916 ቀረበ፣ ያገኘው ነገር ህንፃው አለ፣ የሰለጠነ ላይብረሪያን ግን የለም የሚል ነው፣ ገንዘቡን ግንብ ላይ ከማፍሰስ ሰው ማሰልጠን ይሻላል አለ። በ1917 ድርጅቱ ለአዲስ ላይብረሪ ህንፃ መስጠት አቆመ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ይሄ ሪፖርት ከተጻፈ፣ እኛ ጋ ዛሬም ላይብረሪ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሲሚንቶና ብረት ነው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ነገሩ በካርኔጊ አልተጀመረም። በ1731 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ላይ ጓደኞቹን አስተባብሮ በአባልነት ክፍያ የሚሄድ ላይብረሪ አቋቁሞ ነበር፣ ኋላ ላይ ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ከተማ ስሙን ፍራንክሊን ብሎ ሰይሞ ለቤተክርስቲያናችን ደወል ይግዙልን ብሎ ሲጠይቀው ደወሉን ትቶ 116 መጽሐፍ ላከላቸው፣ በ1790 የከተማው ሰው ተሰብስቦ መጽሐፎቹ ለነዋሪው ሁሉ በነፃ ይዋሱ ብሎ ወሰነ። እዚህ ላይ የምወደው የፍራንክሊንን መላክ ብቻ አይደለም፣ የከተማውን ስብሰባ ነው። በ1833 ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ፣ ከህዝብ ገንዘብ ቀንሳ ለሁሉም ነፃ የሆነ ላይብረሪ ከፈተች፣ ባለሀብት የለ ምን የለ፣ ሰው በስብሰባ ነው የወሰነው።

እንግሊዝ ደግሞ በ1850 ዊልያም ኢዋርት የሚባል የፓርላማ አባል ተሟግቶ የህዝብ ላይብረሪ ህግ አስወጣ፣ ከ10,000 ህዝብ በላይ ያለው ከተማ ከአንድ ፓውንድ የንብረት ግምት ላይ ግማሽ ፔኒ ግብር መጣል ይችላል የሚል፣ ለዛውም ግብር ከፋዩ ድምፅ ሰጥቶ ሁለት ሶስተኛው ከተስማማ ነው። የሚገርመው ግን ህጉ በዛ ገንዘብ ህንፃና ደሞዝ እንጂ መጽሐፍ መግዛት አይፈቅድም ነበር፣ መጽሐፉ በስጦታ ይመጣል ብለው አስበው ነው፣ አልመጣም በበቂ፣ በ1855 ግብሩን አንድ ፔኒ አርገው መጽሐፍ መግዛትም ፈቀዱ። ያቺ የአንድ ፔኒ ጣሪያ ደግሞ እስከ 1919 ሳትነሳ ቆየች፣ እና በካርኔጊ ገንዘብ ቆንጆ ህንፃ የሰሩ የእንግሊዝ ከተሞች መደርደሪያቸው ባዶ ሆኖ የተቸገሩበት ጊዜ ነበር። በስጦታ ይመጣል ተብሎ የተተወ ነገር ላይ ሁሌም ቀዳዳ አለ፣ እናንተም መጽሐፉን "በጎ አድራጊ አይጠፋም" ብላችሁ አትተዉት።

ለናንተ ለኮምቦልቻ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ካርኔጊም አይደለም፣ ኢኖክ ፕራት ነው። ይሄ ሰውዬ ሚስማርና የብረታ ብረት ዕቃ በመነገድ ነው የከበረው፣ ባልቲሞር ላይ። በ1882 ለከተማው አንድ ሀሳብ አቀረበ፣ ዋና ላይብረሪ ከአራት ቅርንጫፍ ጋር እሰራለሁ፣ በጠቅላላ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እሰጣለሁ፣ በምትኩ ከተማው በየዓመቱ 50,000 ዶላር ለዘላለም ይክፈል። አየህ፣ ህንፃና የዓመት ገቢ በአንድ ውል ታሰሩ። ላይብረሪው በ1886 ሲከፈት ለሀብታምም ለደሃም፣ በዘር በቀለም ሳይለይ ለሁሉም ይሁን ብሎ ነው የሰጠው፣ ስሙ እስከዛሬ በሩ ላይ አለ። ይሄ ውል በኋላ ያመጣውን ነገር ደግሞ ስማ፤ ቃሉ እንደዛ ሆኖ ሳለ ላይብረሪው ጥቁሮችን የላይብረሪያንነት ስልጠናው ውስጥ አላስገባም ብሎ ነበር፣ ሉዊዝ ኬር የምትባል ወጣት ከሰሰች፣ በ1945 ፍርድ ቤቱ ይሄ ተቋም በህዝብ ገንዘብ ስለሚሄድ የግል ነኝ ብሎ ሰው ማግለል አይችልም ብሎ ፈረደላት። ያ የዓመት ክፍያ መብራትና ደሞዝ ብቻ አይደለም የሸፈነው፣ ህዝቡ የኔ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስከብርበት ማስረጃ ሆነ።

አለዚያ ምን ይሆናል ካልክ ናይሮቢ ያለውን የማክሚላን ላይብረሪ እይ። አንዲት ባለፀጋ በሟች ባላቸው መታሰቢያ አሰሩት፣ የካርኔጊ ድርጅትም አገዘ፣ በ1931 ተከፈተ፣ አምዱ ምኑ እጅግ የሚያምር ህንፃ ነው፣ ግን ለአውሮፓውያን ብቻ ነበር፣ የሀገሩ ሰው በሩን ማለፍ የቻለው ወደ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ "ለህዝብ" የሚለው ቃል ማን እንደሚገባ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ የክፍያ መኖር አለመኖሩ፣ መታወቂያ የሌለው ልጅ መግባት መቻሉ፣ ሁሉም።

አሁን "ስማቸውን ለማስጠራት ነው" ለሚሉት። እነዚህ ሰዎች ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም፣ ካርኔጊ ላይም ተነስቷል። በ1892 ሆምስቴድ በሚባለው ፋብሪካው ሰራተኞች ከደሞዝ ቅነሳ ጋር በተያያዘ ከስራ አስኪያጁ ከሄንሪ ፍሪክ ጋር ተጋጭተው ኩባንያው የቀጠራቸው የታጠቁ ጠባቂዎች መጥተው ሰው ሞተ፣ ማህበራቸው ፈረሰ፣ ካርኔጊ ስኮትላንድ ነበር። ከዛ በ1898 እዛው ላይብረሪ ሰራላቸው። ሰራተኛው ያለው ነገር እስከዛሬ ይጠቀሳል፣ በቀን 12 ሰዓት የሚሰራ ሰው መቼ ነው የሚያነበው የሚል፣ በዚሁ ምክንያት ገንዘቡን አንፈልግም ያሉ ከተሞችም ነበሩ። የኔ አቋም እንዲህ ነው፤ ሰጪው ሀብቱን እንዴት እንዳገኘ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ስሙ ይጻፍልኝ ማለቱም ነውር አይደለም። እኛ ወሎ ውስጥ አባት የሞተበት ሰው ሰደቀቱል ጃሪያ (የማይቋረጥ ምጽዋት) ብሎ ውሃ ያስቆፍራል፣ መታሰቢያ ብሎ መጽሐፍ አስጽፎ ለደብር ይሰጣል፣ የሟች ስም በስጦታ መነሳቱ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአባታቸው ስም በትልቁ ይጻፍ፣ አብሽሩ። መጻፍ የሌለበት ነገር "ባለቤቱ እከሌ ናቸው" የሚል ነው።

"ስጦታ አይጠየቅም" ለሚሉት ደግሞ ከዚሁ ከአጠገባችን መልስ አለኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ አለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። የሳቸው ወንጌል የሚባለው ከ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለ ብራና አለ፣ በሱ ላይ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ይሄ እኮ ዛሬ በኛ ሙያ የስጦታ መዝገብ የምንለው ነው። በድሮ ብራናዎች ላይ ደግሞ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" የሚለውን አይተህ ይሆናል፣ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ይላል፣ ሰጪው ስሙን፣ ለማን እንደሰጠ፣ ምን እንዳይደረግበት፣ ሁሉን ጽፎ ነው የሚሰጠው። በሙስሊሙም በኩል ያው ነው፣ ጀማ ንጉሥም ዳናም የመሳሰሉት የእውቀት ቦታዎች ኪታብ የሚገለበጥባቸውና የሚቀራባቸው ነበሩ፣ ወቅፍ የተባለ ኪታብ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ለተባለለት ጥቅም ብቻ ይውላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን "ውል እንጻፍ ስንል ሰውየውን መጠራጠራችን አይደለም፣ አባቶቻችን ያለጽሑፍ ሰጥተውም ተቀብለውም አያውቁም" በላቸው፣ ይሄን ማንም አይከራከርህም።

ስለ ዘመናዊው የሀገራችን ላይብረሪ ባጭሩ ልለፍ፣ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ላይብረሪ፣ በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ አብርሆት በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከፈተ፣ ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። በግለሰብ ጥረት ከተሰራው ግን ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ሳን ፍራንሲስኮ የህዝብ ላይብረሪ ውስጥ የልጆች ክፍል ላይብረሪያን ነበር፣ እዛ ከዓለም ቋንቋ ሁሉ የልጆች መጽሐፍ ሲገዛ የአማርኛ እንደሌለ አይቶ ነው የተነሳው፣ ተመልሶ መጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በራሱ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለልጆች ላይብረሪ ከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆቹ እንዲሄድ አደረገ። እሱ የጀመረው ከህንፃ አይደለም፣ ከልጁና ከልጁ ቋንቋ ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። መጀመሪያ ቦታው፣ ካርታው በማን ስም ነው? በባለሀብቱ ስም ከሆነ ነገ ወራሽ ይመጣል፣ በኮሚቴ ስም ከሆነ ኮሚቴ ይበተናል፣ በከተማ አስተዳደሩ ስም ሆኖ "ለህዝብ ላይብረሪ ብቻ" ተብሎ ይያዝ። ሁለተኛው መደብ ነው፣ ማለትም ሰው የሚቀጠርበት የተፈቀደ የስራ ቦታ፣ ይሄን ከመንግሥት መስሪያ ቤት ውጪ ያለ ሰው አያውቀውም፤ ህንፃው ተሰርቶ ርክክብ ቢደረግም የላይብረሪያን መደብ ካልተፈቀደ ከተማው ሰው መቅጠር አይችልም፣ መደብ ከሌለ ደግሞ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ስሙን የማልጠራው ከተማ ላይ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ መደርደሪያው ላይ መጽሐፉ ከነካርቶኑ ተቀምጦ፣ ልጆቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ፣ በሩ ተዘግቷል። አቧራውን ሳይ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ቢያንስ ሁለት መደብ፣ አንዱ የሰለጠነ ሰው፣ በጽሑፍ ሳይፈቀድ ግንባታ አትጀምሩ።

የዓመት ገንዘቡን በተመለከተ የካርኔጊን 10 በመቶ እንደ መነሻ ውሰዱት፣ ህንፃው 5 ሚሊዮን ብር ከፈጀ 500,000 ብር በዓመት ማለት ነው፣ ግን ብሩ በየጊዜው ስለሚረክስ ቁጥሩን ሳይሆን መቶኛውን ጻፉ፣ በየዓመቱም በወቅቱ የግንባታ ዋጋ ይታሰብ። ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ በወለዱ ማስተዳደር ደግሞ እኛ ጋ እምብዛም አያዋጣም፣ የዋጋ ንረቱ ወለዱን ይበላዋል። እኔ የምመክረው መስጊዱም ቤተክርስቲያኑም የሚያደርገውን ነው፣ በመንገድ በኩል ጥቂት ሱቆች አብረው ይሰሩና ይከራዩ፣ ኪራዩ በላይብረሪው ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና ብቻ ይውጣ። ለባለሀብቱም ይሄን ንገሯቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ ከሚጨምሩ ሱቁን ቢጨምሩ ይሻላል። ቅሬዎቹም (እድሮቹም) ይግቡበት፣ እያንዳንዱ ቅሬ በዓመት ከአባሉ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ግን ያዋጣ ሰው ላይብረሪው ሲዘጋ ይጠይቃል። ጠያቂ ያለው ነገር ደግሞ በቀላሉ አይዘጋም።

ህንፃው ላይ ከካርኔጊ ጸሐፊ ከበርትራም አንድ ነገር ውሰዱ። በ1911 ለከተሞቹ አጭር መመሪያ አሳትሞ ነበር፣ ከተሞች ገንዘቡን በአምድና በጉልላት እየጨረሱ አስቸግረውት፤ ፎቅ አታብዙ፣ አንድ ላይብረሪያን ከተቀመጠበት ሆኖ ክፍሉን በሙሉ ማየት ይችል፣ ለስብሰባ የሚሆን ክፍል ይኑር፣ ለጌጥ ቦታ አታባክኑ ነው የሚለው በጥቅሉ። አሁንም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። የኛ ተጨማሪው፣ ኮምቦልቻ ላይ ምስጥ አለባችሁ፣ የእንጨት መደርደሪያ ግድግዳና ወለል ነክቶ አይቁም፣ የብረት ይሁን። (እኛ ደሴ የምንሰቃየው በክረምቱ እርጥበት ነው፣ መጽሐፉ ይሻግታል።) ለመብራት ሶላር ይታሰብ፣ ማታ መብራት ከሌለ ላይብረሪው ለሰራተኛ የለም ማለት ነው። እና መጸዳጃ ቤት፣ ለሴቶች ለብቻ፣ የሚቆለፍ፣ ውሃ ያለው፣ ይሄ ከሌለ ሴት ልጆች ረጅም ሰዓት አይቀመጡም፣ ስንት ላይብረሪ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ሰዓቱ ራሱ በውሉ ይግባ። ላይብረሪው በመንግሥት ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት ተኩል ከዘጋ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እሁድ ዝግ ከሆነ፣ የፋብሪካ ሰራተኛው መቼ ነው የሚገባው? የሆምስቴድ ሰራተኞች ጥያቄ እኮ ይሄው ነበር። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ እሁድን ጨምሮ፣ ለዚህም ነው ሁለት መደብ ያልኩህ።

መጽሐፉን በተመለከተ ከውጪ በኮንቴነር የሚመጣ ስጦታ ስትቀበሉ መርጣችሁ ተቀበሉ፣ ማንም የማያነበው ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ሞልቶ ቦታ ይይዛል፣ ሲወገድ ደግሞ ንብረት ነው ተብሎ ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጻሕፍት በብዛት፣ ከዛ የአማርኛ ልብ ወለድና ታሪክ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ በ2014ቱ ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ንብረቱን እንዳጣ ታውቃለህ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። "ልጆቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው መጥተው ነው የሚያጠኑት፣ መጽሐፍ አይነኩም" የሚል ቅሬታ ከሰማህ አትናደድባቸው፣ ቤቱ ጠባብ የሆነበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወንበርና ብርሃን ፍለጋ መምጣቱ ራሱ ላይብረሪው እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ያገኘዋል፣ ላይብረሪያኑ ሰው ከሆነ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የመደብና የበጀት ጥያቄያችሁ ለከተማው ከዛ ብዙ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት፣ ከባለሀብቱ ጋር የምትፈራረሙትም ምክር ቤቱ ከወሰነ በኋላ ይሁን፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት። ረቂቁን ስትጨርሱ ላክልኝ፣ ቁጭ ብዬ አንቀጽ በአንቀጽ አየዋለሁ፣ ባለሀብቱም ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን ሄደን እናነጋግራቸው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ለኔ ሩቅ አይደለም።